መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ በእንስሳት ጤና ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

እንደምን ከረማችሁ? የተማራችሁት በአብዛኛው ስለ ከብት፣ ስለ በግና ፍየል፣ ስለ አህያና ዶሮ ነው። ትክክል ነው፤ የገበሬው ኑሮ እነሱ ናቸው። ግን ክሊኒካችሁ ጣና ዳር ከሆነ አንድ ቀን ዓሳ አስጋሪ መረብ የተጠመጠመበት ፔሊካን፣ ያን ትልቅ ምንቃር ያለውን የውሃ ወፍ፣ በጆንያ ይዞ ይመጣል። ሌላ ቀን ልጆች ባጃጅ የገጫት ኤሊ ያመጣሉ። የጦጣ ግልገል በገመድ አስሮ የሚመጣም አይጠፋም። ሐኪሙ መስክ ወጥቶ ይሆናል። በሩ ላይ የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ።

ለዚያ ቀን የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው። ከመድኃኒቱ በፊት የእንስሳውን አፈጣጠር እወቁ። ላም ያዳነ መድኃኒት ሌላውን ሊገድል ይችላል።

አይቨርሜክቲንን እንይ። ከክሊኒክ መደርደሪያ አይጠፋም። ለከብትና ለበግ ጥገኛ ተባይ ሁነኛ መድኃኒት ነው። ለኤሊ ግን መርዝ ነው፤ ሽባ ያደርጋታል፣ ትንፋሿን ያቆማል። «ትል ይኖርባት ይሆናል፣ ትንሽ እንውጋት» የሚል ባልደረባ ካለ እጁን ያዙት።

ኤሊ ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ ነው። ባሕር ዳር ቀን ብትሞቅም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ኤሊ ስትቀዘቅዝ የበላችው አይፈጭላትም፣ የተወጋችው መድኃኒትም በወጉ አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ አሙቋት። ቀጥሎ ውሃ፣ ከዚያ መድኃኒት፣ ምግብ መጨረሻ ላይ። መርፌ ካስፈለገ ፊት እግሯ ላይ ይሁን፤ ከኋላ እግሯ የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በኩላሊቷ በኩል ሊያልፍና መድኃኒቱ ሳይሠራ ሊወጣ ይችላል። ቅርፊቷ ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ብላችሁ በማጣበቂያ አትድፈኑት። ቅርፊቱ ሕይወት ያለው አጥንት ነው፣ ያማታል፣ ያመረቅዛልም። አጥባችሁ፣ በንጹሕ ፋሻ ሸፍናችሁ ሐኪሙን ጠብቁ።

ወደ ፔሊካኑ ልምጣ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የናይለን መረብ ነው። ሰው ይህን ወፍ ሲያይ የሚፈራው ምንቃሩን ስለሆነ አፉን በገመድ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። አፈነው ማለት ነው! የፔሊካን የውጭ አፍንጫ የተደፈነ ነው፤ የሚተነፍሰው በአፉ ነው። ምንቃሩን ስትይዙ አንድ ጣታችሁን በመሃል አስገቡና ክፍተት ተዉለት። ደረቱንም አትጨብጡ። ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የለውም፤ አየር የሚያስገባውና የሚያስወጣው የደረት አጥንቱን እያንቀሳቀሰ ነው። ደረቱ ከተጨመቀ አፉ ተከፍቶም ይታፈናል። ክንፎቹን ሰብስባችሁ በብብታችሁ ሥር ያዙት። ዐይኑን በነጠላ ወይም በፎጣ ጋርዱለት። ብዙ ጊዜ ሲረጋጋ በእጃችሁ ይታወቃችኋል።

ክሩን አትጎትቱ። በመቀስ ቁራጭ በቁራጭ አውጡት፤ ላባ ሥር ቆዳ ውስጥ የገባ ስለማይጠፋ በጣታችሁ ዳስሱ። ሲያልቅ «ተፈታ፣ ይሂድ» አትበሉ። ክር አንቆት የቆየ ሥጋ ከቀናት በኋላ ሊሞት ይችላል። ጥቂት ቀን አቆይታችሁ እዩት።

አሁን በጣም የምቆረቆርበትን ልንገራችሁ። ክሊኒክ ውስጥ ብርቅ እንስሳ ሲመጣ ሰው ይሰበሰባል። ስልክ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሕፃናት ይነካኩታል። የዱር እንስሳ ይህን የሚረዳው ሊበላ እንደተያዘ ነው። ከያዙት በኋላ ሲንፈራገጥ ጡንቻው ይጎዳል፣ ደሙ ይመረዛል፣ ቁስል ሳይኖርበት ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ይሞታል። ረጅም እግር ያላቸው ወፎች፣ እንደ ክሬን ያሉት፣ ለዚህ በጣም የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ቀዳዳ ያለው ካርቶን፣ ጨለማና ጸጥታ ነው። ሰውን ማስወጣትም የእናንተ ሥራ ነው። አትፈሩ፣ በትሕትና አስወጡ።

በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ። ትንሽ ወፍ ላይ መጠን በዐይን ግምት አይሰጥም። ወፍ ሕመሙን ስለሚደብቅ መክሳቱን ቶሎ የሚነግራችሁም ሚዛኑ ነው። ጠዋት ጠዋት መዝኑ፣ ጻፉት።

ስለ ዳይክሎፌናክም አንድ ቃል። ሕመም ለማስታገስ ለከብት የተሰጠ ዳይክሎፌናክ ሬሳውን የበላውን ጥንብ አንሳ ኩላሊት ያጠፋል። በህንድና በአካባቢዋ ሦስት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ከመቶ ከ95 እጅ በላይ ያለቁት በዋነኛነት በዚህ ነው። ህንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 እ.ኤ.አ. ለእንስሳት እንዳይሰጥ አገዱት። ሌላው የሕመም ማስታገሻ፣ ሜሎክሲካም፣ ግን ለጥንብ አንሳ ጉዳት የለውም። ስለዚህ ለገበሬው በሬ መድኃኒት ስትመርጡ ቄራው ላይ የሚያንዣብቡትንም አስቡ።

የጦጣዋ ግልገል ነገር ለብቻው ነው። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አያውቅም። የእኛም የሳንባ ነቀርሳ ወደ እሷ ይተላለፋል፣ ጭምብል አድርጉ። ታሳዝናለች ብላችሁ ግን ቤት አትውሰዷት። ስታድግ ትናከሳለች፣ ያኔ ሰንሰለት ይከተላል። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማቆየትም በሕግ ያስጠይቃል። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ ደውሉ። ሆለታ አጠገብ ያለው፣ ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ማዕከል፣ እንሰሳ ኮቴ፣ ከሕገወጥ ይዞታ የተወሰዱ እንስሳት የሚያርፉበት ነው፤ ዕድሉን ካገኛችሁ ሄዳችሁ ሥራቸውን እዩ።

ያመጣትን ሰው ደግሞ አትቆጡት። ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይመጣም፤ የሚቀጥለውን ገበያ ላይ ይሸጠዋል። አመስግኑት፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳገኛት ጠይቁት፣ ስልኩን ተቀበሉ። መንጋዋ አሁንም እዚያው አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ እሷን ለመመለስ ቀኑ ባጠረ ቁጥር ዕድሉ ይሰፋል።