ጥያቄና መልስ፦ ኢኮኖሚ ሲወድቅ መንግሥት ገንዘብ ያውጣ ወይስ ይቆጥብ?

ሰላም ለሁላችሁም። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ካውንቲ የበጀት ቢሮ እሠራለሁ። ከዚያ በፊት ቀን ዲሲ መሀል ፓርኪንግ ላይ፣ ማታ ደግሞ ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። "ሪሴሽን (የኢኮኖሚ ውድቀት) ሊመጣ ነው" የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር ቡና ላይ ያው ክርክር ይመጣል። ስለ አሜሪካው የማውቀውን ልመልስ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ እኔ ሥራ ሳጣ ወጪዬን እቀንሳለሁ። መንግሥት ምን ስለሆነ ነው በችግር ጊዜ የሚረጨው? እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር አይደል የሚባለው?

መልስ፦ ለቤትህ ልክ ነህ። ግን ሠፈርህ ያለችውን የሐበሻ ምግብ ቤት አስባት። ሰዉ ፈርቶ ክትፎውን ይተውና ቤቱ ሽሮ መሥራት ይጀምራል። ምግብ ቤቷ አንዷን አስተናጋጅ ታሰናብታለች። አስተናጋጇ ሞግዚቷን ታስቀራለች፣ ሞግዚቷ ደግሞ የመኪናዋን ክፍያ ታቋርጣለች። ማንም አላጠፋም። ሁሉም ለራሱ ብልህ ነገር ነው ያደረገው፣ ግን ተያይዘው ወደቁ። የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ነዋ! በዚያ ሰዓት ሳይፈራ ማውጣት የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው። ኬንስ የሚባለው እንግሊዛዊ ኢኮኖሚስት በ1930ዎቹ ያለው ይኸው ነው። ደጉ ጊዜ ሲመጣ ቆጥብም ብሏል፣ ይቺኛዋን ግን ፖለቲከኛ አይወዳትም።

ጥያቄ፦ ኦባማ በ2009 787 ቢሊዮን ዶላር አፈሰሰ፣ ሥራ አጥነቱ ግን ባሰበት። አልሠራም ማለት አይደለም?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ጉድጓዱን የቆፈሩት ራሳቸው ናቸው። ጃንዋሪ 2009 ላይ የኦባማ ኢኮኖሚስቶች ክርስቲና ሮመርና ጃሬድ በርንስታይን አንድ ግራፍ አወጡ፤ ዕቅዱ ካለፈ ሥራ አጥነት 8 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል የሚል። ኦክቶበር ላይ 10 በመቶ ገባ። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማቸዋል?

ነገር ግን ግራፉ ሲሳል በሽታው ምን ያህል እንደከፋ ገና አልታወቀም ነበር። የ2008 የመጨረሻ ሦስት ወር ኢኮኖሚው በዓመት ስሌት በ3.8 በመቶ ወደቀ ተብሎ ተነገረ፣ ቁጥሩ ቆይቶ ሲጣራ ከ8 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ትኩሳቱን 38 ብሎ መድኃኒት ያዘዘለት ሰው ለካ 41 ነበር።

ሌላም አለ፣ እኔ ከምሠራበት ወንበር በደንብ የሚታይ። ከቨርሞንት በቀር ስቴቶች በጀታቸውን የማመጣጠን ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ታክስ ሲደርቅ መምህር ያባርራሉ፣ የመንገድ ጥገና ያቆማሉ፣ ክፍያ ይጨምራሉ፣ ማለትም ዋሽንግተን በአንድ እጅ ስትሰጥ እነሱ በሌላው እጅ ይወስዳሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የስቴትና የከተማ ሥራ ጠፋ። የኮንግረስ የበጀት ቢሮ ዕቅዱ ስንት ሥራ እንዳተረፈ ሲገምት ትንሹና ትልቁ ቁጥር በጣም የተራራቁ ናቸው፣ ሁለቱም ግን ከዜሮ በላይ ናቸው። የእኔ አስተያየት? ሠርቷል፣ ግን አነሰ፣ ዘገየም። ሥራ አጥነቱ ወደ 5 በመቶ ለመመለስ እስከ 2015 ወሰደበት።

ጥያቄ፦ እኔ ያኔ እዚሁ ነበርኩ። አንድ ሳንቲም አልደረሰኝም!

መልስ፦ ደርሶህ ይሆናል፣ አላየኸውም እንጂ። ከገንዘቡ ሲሦው ገደማ የታክስ ቅነሳ ነበር። ለአንድ ሠራተኛ 400 ዶላር ተባለ፣ ግን በቼክ አልላኩትም። ከደመወዝ የሚቆረጠውን ታክስ ትንሽ ቀነሱና በየሳምንቱ አሥር አሥራ ምናምን ዶላር ጨመሩ። አስበው ነው እንዲህ ያደረጉት፣ ሰው ትንሽ ትንሽ ሲጨመርለት ሳያስበው ያወጣዋል ብለው። እኔም አላየሁትም። ያኔ የምሠራበት ፓርኪንግ ሰዓቴን ከ40 ወደ 24 ቀንሶት ስለነበር ቼኬን ማየት ራሱ አስጠልቶኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ባንኮቹን አዳኑ፣ ሕዝቡን ጣሉ። ሌባ ተሸለመ!

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። የባንኮቹ ማዳኛ 700 ቢሊዮን ተብሎ የጸደቀው በቡሽ ጊዜ ነው፣ ኦክቶበር 2008፣ ሌማን ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ ባንክ ከወደቀ በሦስተኛው ሳምንት። ለባንኮች የገባው ወደ 245 ቢሊዮን ነበር፣ ተመልሶ የመጣውም ከዚያ በላይ ነው። በገንዘብ ረገድ አልተከሰረም። የሚያናድደው ሌላኛው ወገን ነው። ቤታቸው ሊወሰድባቸው የነበሩ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ቤተሰቦችን ይረዳል የተባለው ፕሮግራም በወረቀት ብዛት ታንቆ ከግቡ በጣም ርቆ ቀረ። ባንክ በሳምንት ውስጥ ይድናል፣ አንተ ግን ፔይ ስተብህን (የደመወዝ ወረቀትህን) ለአምስተኛ ጊዜ ፋክስ አድርግ ትባላለህ።

ጥያቄ፦ ሰው ነገ ታክስ እንደሚጨመርበት ስለሚያውቅ የተሰጠውን አያወጣም የሚል ክርክር አለ። ምን ትላለህ?

መልስ፦ የአሜሪካዊው ኢኮኖሚስት የሮበርት ባሮ ሐሳብ ነው፣ ንጹሕ ሞኝነት አይደለም። የተደላደለ ሰው ቼኩን ባንክ ያስቀምጣል ወይም የክሬዲት ካርድ ዕዳ ይዘጋበታል። የቤት ኪራይ ያለፈበት ሰው ግን ስለ 2030 ታክስ አያስብም። ስለዚህ ስንት ወጣ ከሚለው ይልቅ ለማን ደረሰ የሚለው ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አውሮፓ ግን ቀበቶውን አጥብቆ ወጣ አይደል?

መልስ፦ ማን ወጣ? ግሪክን ተመልከት። ቆረጡ፣ ቆረጡ፣ ኢኮኖሚው ሩብ ያህሉ ጠፋ፣ በ2013 ሥራ አጥነት 27 በመቶ ደረሰ። ኢኮኖሚው ሲያንስ ዕዳው ከኢኮኖሚው አንጻር ባሰበት። ሰው ጾሞ ሲወፍር አይተህ ታውቃለህ? በእርግጥ ግሪክ ምርጫ አልነበራትም፣ አበዳሪ ጠፍቷል፣ ዩሮም አታትምም። ራሷ ፓውንድ የምታትመው ብሪታንያ በ2010 በፈቃዷ ቀበቶ ማጥበቋ ነው ለእኔ የማይገባኝ።

ያኔ የቁጠባ ሰዎች መሣሪያ የነበረው የሁለቱ ኢኮኖሚስቶች የራይንሃርትና የሮጎፍ ጥናት ነው፤ ዕዳ ከጠቅላላ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት ክፉኛ ይቀንሳል የሚል። በ2013 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ሁለት መምህራኑ ሲያዩት ኤክሴሉ ላይ የአምስት አገሮች ረድፍ ሳይደመር ቀርቷል። ሌሎች ድክመቶችም ተገኙበት። የአገር በጀት በኤክሴል ስህተት! እኔ ቢሮ ውስጥ ፎርሙላ በሳትኩ ቁጥር እሷን አስታውሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኡበር ነው የምነዳው። በ2020 የተሰጠን ነገር ቤቴን አትርፎልኛል። ግን ከዚያ በኋላ እንቁላሉም ኪራዩም ጨመረ። ታዲያ ጥሩ ነበር መጥፎ?

መልስ፦ ሁለቱም፣ እንደ ወሩ። ዝናብ ሰኔ ላይ በረከት ነው፣ ኅዳር ላይ አውድማ ላይ ሲወርድ ግን እህል ያበሰብሳል።

ማርች 2020 ላይ ለኮሮና የወጣው 2.2 ትሪሊዮን ዶላር የሰኔው ዝናብ ነው። እንዳንተ ያለውን በራሱ የሚሠራ ሹፌር ከመደበኛው አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥ ድጎማ) ውጭ የነበረውን አስገባ፣ በሳምንት 600 ዶላር ጨመረበት። ከማውቃቸው ሹፌሮች ከሥራ ይልቅ ቤት ተቀምጠው ይበልጥ ያገኙ ነበሩ። ጉድለት ነበረበት፣ ለምሳሌ ባልና ሚስት ታክስ አብረው ሲያስገቡ አንዳቸው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌላቸው በመጀመሪያው ዙር ብዙዎቹ ቼኩ ተከለከሉ። በጠቅላላው ግን ከ14 በመቶ በላይ የነበረው ሥራ አጥነት በ2021 መጨረሻ ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ከ2009ኙ ጋር አወዳድረው።

ከዚያ ማርች 2021 ላይ ሌላ 1.9 ትሪሊዮን መጣ። ያኔ ኢኮኖሚው ቆሞ መሄድ ጀምሯል፣ ዕቃ ግን የለም፣ መርከቡ ወደብ ላይ ተሰልፏል። በኦባማ ጊዜ የዋይት ሀውስ የኢኮኖሚ ቡድን መሪ የነበረው ላሪ ሰመርስ በዝቷል ብሎ ጮኸ፣ የሰማው የለም። ጁን 2022 ላይ የዋጋ ንረቱ 9.1 በመቶ ገባ። የሳን ፍራንሲስኮ ፌዴራል ሪዘርቭ (የማዕከላዊ ባንኩ ቅርንጫፍ) ተመራማሪዎች ድጎማው በ2021 መጨረሻ ንረቱ ላይ 3 የመቶኛ ነጥብ ያህል ሳይጨምር አይቀርም ብለዋል። ሁሉንም በሱ ማሳበብ ግን አይቻልም፣ ያን ያህል ቼክ ያላደለው የዩሮ አካባቢም 10.6 በመቶ ደርሷል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነኝ ወንድሜ። የኛስ መንግሥት ብር አትሞ ለምን አያድለንም?

መልስ፦ አሜሪካ የምትበደረው ራሷ በምታትመው ዶላር ነው፣ ዓለምም ሲፈራ ሮጦ የሚይዘው እሱኑ ነው። የእኛ የውጭ ዕዳ ግን በአብዛኛው በዶላር ነው፣ ዶላር ደግሞ አናትምም። በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ለአሜሪካ ይሄ የቁርስ ገንዘብ ነው። ብር ቢታተም ነዳጁም መድኃኒቱም የሚገዛው በዶላር ስለሆነ ገበያ ላይ ዋጋ ሆኖ ይመለስብሃል። ብር ጁላይ 2024 ገበያው ይወስነው ተብሎ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ መሆኑን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ አሜሪካስ ዕዳው አያሰጋትም?

መልስ፦ አሁን ያሰጋል። በ2024 የበጀት ዓመት ለወለድ የከፈለችው ከመከላከያ ወጪዋ በልጧል። ጥጋብ ላይ ሆነን ተበድረናል፣ ቀጣዩ ውድቀት ሲመጣ እንደ 2020 እጅ መፍታት ይከብዳል ብዬ እፈራለሁ።

ጥያቄ፦ አነጋገርህ ዴሞክራት ይመስላል። እውነቱን ንገረን።

መልስ፦ በ2008 መጀመሪያ ለየሰው እስከ 600 ዶላር የላከው ቡሽ ነው። የ2020ውን 2.2 ትሪሊዮን የፈረመው ትራምፕ ነው፣ ሴኔት ውስጥም 96 ለ 0 ነው ያለፈው። ሥልጣን ላይ ያለው ሲጨንቀው ያወጣል፣ ተቃዋሚ ሲሆን ስለ ዕዳው ያለቅሳል። እኔ ማንን እንደምመርጥ ባለቤቴም አታውቅም።