ካም ተቀይሮ የዘይት ግፊት ሲወርድ ፖምፓው ላይ አትፍረድ

የአንባቢያችን ችግር ባጭሩ ይሄ ነው። የቆየ ባለ ፑሽሮድ (ባልቦላዎቹ በቀጭን ዘንግ ከታች የሚገፉበት) ሞተሩን ካምሻፍት፣ ማለትም ባልቦላዎቹን የሚከፍተውን ባለ ጉብታ ዘንግ፣ ራሱ ቀየረ። በካሙ ጉብታዎች ላይ የሚያርፉት ታፔቶች «ደህና ስለሚመስሉ» የድሮዎቹን መልሶ ገጠመ። ሞተሩን አስነስቶ ሩብ ሰዓት ያህል በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጥ፣ በዝቅተኛ ዙር) አዳመጠው። ግፊቱ ጥሩ ነበር። ከ600 ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መብራቱ መብራት ጀመረ። መጀመሪያ ከላይ ቀጭን ቲክ ቲክ፣ አሁን ደግሞ ከታች ወፍራም ኳኳታ አለ። አንድ ጋራዥ ወፍራም ዘይት ሞልቶ የመብራቱን ሴንሰር ቀየረለት። «አሁን ፖምፓ ልግዛ?» ይላል።

አትግዛ ወንድሜ። ሞተሩንም ዳግም አታስነሳው።

ግፊቱ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ወርዶ ቢሆን፣ ካሙ ሲገባ የካም ብሮንዚኑን (ዘንጉ የሚዞርበትን ማቀፊያ) ጭሮታል ወይም ከፊት ያለው የዘይት መስመር መድፈኛ ተረስቷል እልህ ነበር። ያንተ ግን ደህና ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው የወረደው። ቲክ ቲኩም ከኳኳታው ቀድሟል። ስለዚህ እኔ የምጠረጥረው የካሙ ጉብታ ተበልቶ፣ የብረት ብናኙ በዘይት ወደ ታች ወርዶ የክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ብሮንዚኖች ጨርሷቸዋል ብዬ ነው። ያገለገለ ታፔት ሥሩ የለመደው የድሮውን ጉብታ ነው፣ ከአዲስ ካም ጋር አይስማማም። ሚኒሞው ደግሞ አባሰበት፤ ጉብታዎቹ በብዛት ዘይት የሚያገኙት ክራንኩ ሲሽከረከር ከሚረጨው ነው፣ በሚኒሞ ደግሞ ብዙም አይረጭም።

ማረጋገጡ ከባድ አይደለም። ፊልትሮውን ፈትተህ ቅደደው። በብረት መጋዝ ግን አይሆንም፣ የመጋዙ ፍቅፋቂ ገብቶ ያሳስትሃል። ወረቀቱን ዘርግተህ ማግኔት አስጠጋ። ማግኔት የሚይዘው ከሆነ በአብዛኛው ካምና ታፔት ነው፤ የማይይዘው የሚያብረቀርቅ ግራጫ ወይም መዳብ መሳይ ከሆነ ብሮንዚን ነው። ሁለቱንም ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ የባልቦላ ክዳኑን አንሳና ክራንኩን በእጅ እያዞርክ ሮከሮቹን (ባልቦላዎቹን የሚጫኑትን ክንዶች) እይ። ከሌሎቹ ያነሰ የሚነሳ ካለ ጉብታው አልቋል።

ፖምፓ ላይ ለምን እንደማልፈርድ ላስረዳህ፣ ይቺን ሳልናገር አላልፍም። ፖምፓ ዘይት ይገፋል እንጂ ግፊት አይሠራም። ግፊቱን የሚሠራው ዘይቱ መውጫ ማጣቱ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም ቧንቧ ሲከፈት ላይኛው ፎቅ ውሃ የሚያጣው የውሃው ፖምፓ ስለተበላሸ አይደለም። ብሮንዚንም እንደዚያው ነው። 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው የክራንክ አንገት፣ በእሱና በብሮንዚኑ መካከል ያለው ክፍተት 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ያ ክፍተት ወደ 0.10 ቢሰፋ፣ የሚያፈሰው ዘይት እጥፍ ሳይሆን በተመሳሳይ ግፊት ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ ሁለት ሲባዛ በሁለት ሲባዛ በሁለት። ሲሞቅ ዘይቱ ስለሚቀጥን መብራቱ የሚበራው ያኔ ነው። ወፍራም ዘይት የሞላልህ ሰው በሽታውን ሸፈነልህ እንጂ አላከመህም። ሴንሰሩን ከመቀየር ይልቅ መካኒካል የግፊት ጌጅ ቢገጥም በአምስት ደቂቃ ይታይ ነበር!

አሁን የዘይት ቋቱን አውርድ። ክሪክ ብቻ ተማምነህ ከሥር አትግባ! መኪናውን በብረት ድጋፍ ላይ አስቀምጥና ወዝውዘህ ሞክረው። የፖምፓውን መምጠጫ ወንፊትም እይ፤ ሲሊኮን እንደ ጥርስ ሳሙና ጨምቀው ቋት የሚያሽጉ ሰዎች ስላሉ ወንፊቱ በሲሊኮን ተደፍኖ ያገኘሁባቸው ሞተሮች ጥቂት አይደሉም። ከዚያ አንድ የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) ካፕ ፈትተህ ብሮንዚኑን እይ። ተጭሮ ወይም መዳቡ ወጥቶ ካየህ ሌላ ጥያቄ የለም፣ ሞተሩ ይወርዳል። ክራንኩ ይለካል፣ የዘይት መስመሮቹ መድፈኛቸው ሁሉ ወጥቶ በብሩሽ ይታጠባሉ። የዘይት ማቀዝቀዣ ካለው ቀይረው፣ ውስጡ የቀረ ብናኝ ታጥቦ አይወጣም። ፖምፓውን ያኔ ክፈተውና ጥርሶቹ ከተጫሩ ግዛ።

አዲስ ካም ከአዲስ ታፔት ጋር፣ ጉብታዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ቅባት፣ ዚንክ ያለው ዘይት። ርካሽ ካምና ርካሽ ፊልትሮ አታምጣብኝ። ከመነሳቱ በፊት ፖምፓውን በድሪል አዙረህ ዘይቱን ላይ ድረስ አድርስ፣ አሠራሩ ከፈቀደ። ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ከ2000 እስከ 2500 ዙር አድርሰውና እያለዋወጥክ 20 ደቂቃ ያዘው። ሚኒሞ የለም። ከዚያ ዘይትና ፊልትሮ ቀይር። የዘይት ማፍሰሻ ቡሎኑን ለመፍታት ከሥር ስትገባ ግን ድጋፉን አትርሳ፣ «ለአንድ ደቂቃ ነው» ብለህ ክሪክ ላይ እንዳትተወው።

የተቀደደውን ፊልትሮ ፎቶ ላክልኝ፣ ግምቴ ልክ መሆኑን ማየት እፈልጋለሁ።