መልስ፦ ስሊፐር ሎብስተር ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይገኛል?

አይገኝም ወንድሜ፣ በከንቱ አትድከም። ስሊፐር ሎብስተር እንደ ሸርጣን ጠንካራ ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ ነው፤ ሀዋሳ ሐይቅ ውስጥ አይኖርም። አሞራ ገደል ብትሄድ ቆሮሶና አምባዛ ነው የምታገኘው።

ለምግብ ከሚፈለጉት ስሊፐር ሎብስተሮች አንዱ ቴነስ የሚባለው ወገን ነው። ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ እስከ አውስትራሊያ፣ አሸዋማና ጭቃማ የባሕር ወለል ላይ ይኖራል። ቀን አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ ማታ ወጥቶ ይመገባል። መቆንጠጫ የለውም፣ ፊቱ ላይ እንደ አካፋ የተዘረጉ ጠፍጣፋ አንቴናዎች አሉት። ደስ የሚል ፍጥረት ነው! ሥጋው ያለው ጭራው ላይ ነው።

የግድ ካማረህ በረዶ የሆነውን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። ግን ላስቲኩን አገላብጠህ እይ። ውስጡ የበረዶ ቅርፊት ከተጋገረ መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና የበረደ ሊሆን ይችላል። እኔ እንዲህ ያለውን አልገዛም። ሲቀልጥ አሞኒያ (እንደ ሽንት የሚሰነፍጥ ሽታ) ከሸተተህም ጣለው፤ በቅመም አይሸፈንም።