መልስ፦ ለአራስ የሚሆን ገንፎ ሳይጓጉል እንዲወጣ

ለአራስ እህትዎ የሚያገነፉት ገንፎ ለምን እንደሚጓጉል ጠይቀዋል። ዱቄቱ በአንድ ጊዜ ከተጨመረ የፈላው ውሃ የነካው ውጫዊ ክፍል ወዲያው ስለሚጣበቅ፣ ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ለ2 ኩባያ የገብስ ዱቄት 4 ኩባያ ውሃ በጨው ያፍሉና 1 ኩባያ ያህሉን ቀንሰው ያስቀምጡ፤ ከዚያም ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት እየነሰነሱ፣ ከድስቱ ግድግዳ ጋር በማማሰያ አጥብቀው ይሹት። ሲጠጥር በማማሰያው እጀታ ቦታ ቦታውን ወግተው፣ የቀነሱትን ትኩስ ውሃ እየጨመሩ፣ ከድነው በዝግተኛ እሳት 10 ደቂቃ ያህል ያብስሉት፤ ጥሬ ጥሬ የሚለውን ጣዕም የሚያጠፋው ይህ ስለሆነ በፍጹም አይዝለሉት። በመጨረሻ ደግመው አሽተው፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርገው፣ በርበሬ የገባበት ንጥር ቅቤ ያፍስሱበት። ቅቤውን በዘይት መተካት አልመክርም።