የፊት ኢምፕላንት ላይ ድዱ አመድማ ለሆነባት እህታችን

እህቴ፣ የላይኛው የፊት ጥርስሽ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በብሎን የተተከለው ሰው ሠራሽ ጥርስ) ዓመት ሞልቶት ድዱ አመድማ እንደሆነ፣ ጥርሱም ከጎረቤቱ ረዝሞ እንደሚታይ ጽፈሽ «ክራውኑን (ብሎኑ ላይ የተገጠመውን፣ የሚታየውን ጥርስ) ላስቀይረው ወይ?» ብለሻል። አትቸኩዪ። እኔ ቸኩዬ ነው ገንዘቤን ውኃ የበላው።

የኔም የፊት ጥርስ ነው። የመጀመሪያው ሐኪም ክራውኑን ቀየረልኝ፤ ጥርሱ አማረ፣ ጥላው ግን እዚያው ቀረ። ሁለተኛዋ መስታወት አስይዛኝ ቀጭን መለኪያ በድዱ ጠርዝ ስር ሰደደች። የመለኪያው ብረት በድዱ አልፎ ይታያል! «ድድሽ ስስ ነው፣ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከውስጥ ያለው የታይታኒየም ብረት የሚያሳብቀው ለዚህ ነው» አለችኝ።

ከላንቃዬ ስስ ሥጋ ወስዳ በድዱ ውስጥ ሰፋችው። በማደንዘዣ ስለሆነ ሲሠራ አያምም። በኋላ ያሠቃየኝ ግን ድዱ ሳይሆን ላንቃዬ ነው፤ ምላስ አርፎ አይቀመጥም፣ ቁስሉን ሲነካካ ይውላል። ሳምንት ሙሉ የበረደ አጥሚትና እርጎ፤ በርበሬ በአጠገቤ አላለፈም። ከንፈርሽን እየገለበጥሽ ማየትም ይቅርብሽ፤ እኔ በሦስተኛው ቀን ሳየው ስፌቱ ተስቦ ደማ።

ሦስት ወር ገደማ ጠብቀን ጊዜያዊ ጥርስ ገባ። ቅርጹን የሚያወጣው እሱ ነው፤ አንገቱ ላይ ጥቂት እየጨመረች፣ ጥቂት እየሞረደች ድዱን እንደ ጎረቤቱ አጎበጠችው። ዋናው ክራውን ከዚያ በኋላ መጣ፤ ከስሩ ያለው ማያያዣም በነጭ ዚርኮኒያ ተተካ።

ድድሽ እንደኔ ጠቆር ያለ ከሆነ፣ የላንቃ ሥጋ ላዩ ላይ ከተለጠፈ ገርጥቶ እንደ እራፊ ሊታይ ይችላል። ከውስጥ መስፋት ይቻል እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። በልጅነቷ ድዷን የተነቀሰችው እናቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ በመርፌ ወግቶ ማጥቆር ነዋ!» ብላ አሳቀችኝ፤ ስፌቱ ገና አልወጣም ነበር።

የጥርሱ መርዘም ግን ሌላ ጣጣ ሊሆን ይችላል። ብሎኑ ወደ ከንፈር ተጠግቶ ገብቶ ከሆነ ድድ መጨመር ብዙ አይመልሰውም፤ አንዳንዴ አውጥቶ እንደገና መትከል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሲቲ (ብሎኑና አጥንቱ እንዴት እንደተቀመጡ የሚያሳይ ራጅ) ተነሺ። ሲነካ የሚደማ ወይም መግል የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የመልክ አይደለም፣ በዚሁ ሳምንት ታዪ።

ፎቶ የምትልኪልን ከሆነ ስትስቂ የተነሳሽውን ይሁን። ስትስቂ ከንፈርሽ ድዱን የሚሸፍነው ከሆነና ሕመም ከሌለው፣ እኔ ብሆን አልነካውም ነበር።