መልስ፦ ድፍድፍ ነዳጅ የሳልሞንን መራባት ለዓመታት ይጎዳል?
ባሕር ላይ የፈሰሰው ነዳጅ ከጸዳ በኋላም ሳልሞን የተባለው ዓሣ መራባት ይቸገራል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ለዓመታት። አላስካን እንይ። ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ በ1989 እ.ኤ.አ. ፕሪንስ ዊልያም ሳውንድ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ ድፍድፍ ነዳጅ አፈሰሰች። እዚያ ብዙው ሮዝ ሳልሞን እንቁላሉን የሚጥለው ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት ጠጠር ውስጥ ነው። ነዳጁም እዚያው ጠጠር ሥር ቀረ። በተበከሉት ወንዞች እስከ 1993 ድረስ ካልተበከሉት የበለጠ እንቁላል ሞቷል።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ግን የተረፉት ነገር ነው። እንቁላሉ ጠጠር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ፒኤኤች የሚባለው የነዳጁ መርዝ በጥቂቱም ቢሆን ገና እየተሠራ ያለውን ልብ ያዛባል። ጫጩቱ ሲያዩት ደህና ነው፣ ይዋኛል። ልቡ ግን ደካማ ነው፣ እድገቱም ይጓተታል። ስለዚህ ከባሕር ተመልሶ የሚራባው ያንሳል። ሮዝ ሳልሞን ደግሞ የሚራባው በዕድሜው አንዴ ብቻ፣ በሁለት ዓመቱ ነው።