መልስ፦ ዩኒክ የተደጋገመውን የከተማ ስም ለምን አላጠፋልኝም?

ዩኒክ (uniq፣ የተደጋገመ መስመር የሚያስወግደው የሊኑክስ ትእዛዝ) የሚያወዳድረው ተከታትለው የመጡ መስመሮችን ብቻ ነው። «ኮምቦልቻ» 3ኛውና 90ኛው መስመር ላይ ካለ አይገናኙለትም። መጀመሪያ ዝርዝሩን በሶርት (sort፣ መስመሮችን የሚደረድር ትእዛዝ) ደርድረው፣ ከዛ በፓይፕ («|»፣ የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው የሚያቀብል ምልክት) ለዩኒክ ስጠው። ወይም ዩኒክን ተወውና ሶርት ላይ ሰረዝ ዩ (-u) ጨምር፤ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። እያንዳንዱ ከተማ ስንት ጊዜ እንደመጣ መቁጠር ከፈለግክ ግን ሶርት፣ ቀጥሎ ዩኒክ ከሰረዝ ሲ (-c) ጋር።

ይህን አድርገህም ድግግሞሽ ይቀርሃል። የላክልኝ ናሙና ላይ «ሐይቅ»ም «ሀይቅ»ም አሉ። እኔና አንተ አንድ ከተማ ነው የምናነበው፤ ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ፊደል ነው የሚያየው፣ ሞክሼ የሚባል ነገር አያውቅም። ከመደርደርህ በፊት የሴድ (sed፣ ጽሑፍ የሚያርም ፕሮግራም) ዋይ (y) ትእዛዝ ፊደል በፊደል ይተካልሃል፦ ሐሑሒሓሔሕሖን በሀሁሂሃሄህሆ። ሰባቱንም ጻፋቸው፣ ሐን ብቻ ብትቀይር ሕ ባለበት ይቀራል። ሠንና ፀንም እንደዚሁ። ፋይሉ ከዊንዶውስ የመጣ ከሆነ መስመሩ ጫፍ ላይ የማይታይ ምልክት ስላለ ቀድመህ በዶስ ቱ ዩኒክስ (dos2unix) ትእዛዝ አጽዳው።

ደግሞ ውጤቱን በ«>» ወደዚያው ፋይል እንዳትመልሰው! ሼሉ (ትእዛዝህን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ሶርት ገና ሳያነብ ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል። ደሴ ፒያሳ የአንድ ሱቅ የዱቤ መዝገብ እንዲህ አጥፍቼ፣ ከደረሰኝ ላይ እየለቀምኩ ስተይብ አድሬያለሁ። በሌላ ስም አስቀምጠው፣ ካልሆነ የሶርትን ሰረዝ ኦ (-o) ተጠቀም፤ እሱ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚጽፈው።